ለመኖሪያ ቤት፣ ለምግብ ቤትና ለሱቅ የሚስማማውን ወለል መምረጥ፦ የንጽጽር መመሪያ

በአንድ ክፍል ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ለመለወጥ እጅግ የሚያስቸግረው ወለሉ ነው። የግድግዳ ቀለም በሁለት ቀን ይታደሳል፤ መብራት በግማሽ ቀን ይቀየራል፤ መጋረጃና ወንበርም ማንም ከቤት ሳይወጣ ይተካል። ወለልን ለመቀየር ግን ቤቱ ባዶ መሆን፣ ምግብ ቤቱ ወይም ሱቁ መዘጋት፣ በሮቹ መነቀልና አንዳንዴም ከሥር መቆረጥ አለባቸው። ይህ ሆኖ ሳለ አብዛኛው ሰው ወለሉን የሚመርጠው በሻጩ ማሳያ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ፣ ውሃም ዘይትም አሸዋም ያልነካው ናሙና አይቶ ነው። ወለል የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚረገጥ፣ የሚረጥብ፣ የሚወለወልና ከባድ ዕቃ የሚጎተትበት በመሆኑ ምርጫው ከመልኩ ሳይሆን ከሚደርስበት ነገር ሊነሣ ይገባል። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ሁሉ የተመሠረተው በዚህ አቋም ላይ ነው።

ከቁሱ ስም በፊት የሚመለሱ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ ወለሉ ላይ ምን ይፈሳል የሚለው ነው። ውሃ፣ ዘይትና ሎሚ በየራሳቸው መንገድ ይጎዳሉ፤ ውሃ እንጨትን ያሳብጣል፣ ዘይት ቀዳዳ ባለው ድንጋይና በሲሚንቶ ውስጥ ሰርጎ ጥቁር ጥላ ይተዋል፣ አሲድነት ያለው ፈሳሽ ደግሞ የእብነ በረድን ገጽ ራሱን ይበላዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ከውጭ በቀጥታ የሚገባው እግር ብዛት ነው። ከመንገድ የሚገባ ጫማ አሸዋ ይዞ ይገባል፤ የአሸዋ ዋነኛ ማዕድን የሆነው ኳርትዝ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ሲሆን ግራናይት ከ6 እስከ 7፣ እብነ በረድ ግን 3 ገደማ ነው። ለስላሳው በጠንካራው ስለሚጫር፣ በመንገድ ዳር ሱቅ መግቢያ ላይ የተነጠፈ አንጸባራቂ እብነ በረድ ብዙም ሳይቆይ ሰው የሚመላለስበት መስመር ደብዝዞ፣ ጥግ ጥጉ ብቻ እያበራ ይቀራል።

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው፦ ወለሉን ማን ያጸዳዋል፣ በምንስ ያጸዳዋል? ባለቤቱ ራሱ እየተጠነቀቀ የሚወለውለው ሳሎንና በየምሽቱ በደከሙ ሠራተኞች በሙቅ ውሃና በጠንካራ የቅባት ማስለቀቂያ የሚታጠብ ማብሰያ ክፍል አንድ ዓይነት ወለል ሊኖራቸው አይችልም። ልዩ ሳሙና፣ ልዩ ጨርቅና በየስድስት ወሩ ቅብ የሚፈልግ ወለል ሠራተኛ በሚለዋወጥበት ቦታ በቶሎ ያረጃል፤ ይህም የሠራተኛው ጥፋት ሳይሆን የመራጩ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ የቆይታ ዘመን ነው። ለአምስት ዓመት በተከራዩት ሱቅ ውስጥ ሃምሳ ዓመት የሚያገለግል ቴራዞ (የድንጋይ ስባሪ ተቀላቅሎበት ፈስሶ የሚለሰልስ ወለል) ቢያስፈስሱ ወጪው የእርስዎ፣ ጥቅሙ የአከራዩ ይሆናል።

ሴራሚክና ፖርሴሊን

ሁለቱም ከሸክላ አፈርና ከሌሎች ማዕድናት ተጨምቀው በእሳት የሚተኮሱ ናቸው፤ ከላይ ሲታዩም ላይለዩ ይችላሉ። ልዩነታቸው የሚለካው በሚመጥጡት የውሃ መጠን ነው። አይኤስኦ 13006 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት ፖርሴሊን የሚባለው የክብደቱን 0.5 በመቶ ወይም ከዚያ ያነሰ ውሃ የሚመጥ ነው፤ ከ10 በመቶ በላይ የሚመጠው ክፍል ደግሞ በአብዛኛው ለግድግዳ የሚሆን ነው። ፖርሴሊን 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ስለሚተኮስ ቅንጣቶቹ ተዋህደው ይጠጥራሉ። ሻጩን ሳይጠይቁ ልዩነቱን ለማየት ናሙናውን ገልብጦ ቅብ በሌለው ጀርባው ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ማኖር ይበቃል፤ በተራ ሴራሚክ ላይ ጠብታው ወዲያው ሰርጎ እርጥብ ክብ ምልክት ሲተው፣ በፖርሴሊን ላይ ግን እንዳለ ቁጭ ብሎ ይቆያል።

ይህ ልዩነት በሁሉም ቦታ ዋጋ ያለው አይደለም። በመኝታ ክፍልና በሳሎን ጥሩ የወለል ሴራሚክ ለዓመታት ያለ ችግር ያገለግላል፤ ለፖርሴሊን የሚጨመረው ገንዘብ የሚያዋጣው ውሃ በሚበዛበት፣ ብርድና ውርጭ በሚደርስበት ወይም የእግር ብዛት በሚያይልበት ቦታ ነው። ላዩ በብርጭቆ መሰል ቅብ የተሸፈነ ሴራሚክ ሲሰነጠር ከሥር ያለው የሸክላ ቀለም ይወጣል፤ ቀለሙ እስከ ውስጥ የዘለቀ ፖርሴሊን ግን ስንጥሩ እምብዛም አይታይም። ለሱቅና ለምግብ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብረት ማንኪያና ጠርሙስ በየቀኑ ይወድቃሉና።

በካርቶኑ ላይ የሚጻፉ ሁለት ምልክቶችን ማንበብ መልመድ ያስፈልጋል። አንደኛው ፒኢአይ የሚባለው፣ ቅብ ያለው ሰሌዳ መፋቅን ምን ያህል እንደሚቋቋም ከ0 እስከ 5 የሚያሳይ ደረጃ ነው፤ 0 ለወለል አይሆንም፣ 3 ለመኖሪያ ቤት ይበቃል፣ ለሱቅና ለምግብ ቤት ግን 4 ወይም 5 መፈለግ ይገባል። ሁለተኛው የማንሸራተት ደረጃ ነው። በጀርመኑ ዲአይኤን 51130 መመዘኛ ሰው የሥራ ጫማ አድርጎ ዘይት በተቀባ ሰሌዳ ላይ እየተራመደ ሰሌዳው ቀስ በቀስ ወደ ላይ ያዘነብላል፤ መንሸራተት የሚጀምርበት ማዕዘን ደረጃውን ይወስናል። አር 9 የሚባለው ከ6 እስከ 10 ዲግሪ፣ አር 10 እስከ 19፣ አር 11 እስከ 27፣ አር 12 እስከ 35 ዲግሪ፣ አር 13 ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። አር 9 ዝቅተኛው ደረጃ መሆኑን ሳያውቁ «የማያንሸራትት የሚል ማረጋገጫ አለው» ተብለው የሚገዙ ብዙ ናቸው። በባዶ እግር ለሚረገጥ መታጠቢያ ቤት ደግሞ የተለየ መመዘኛ አለ፤ ዲአይኤን 51097 በሳሙና ውሃ ላይ በባዶ እግር የሚለካ ሲሆን ውጤቱን በሦስት ደረጃዎች ያስቀምጣል፣ እነሱም ኤ፣ ቢና ሲ ናቸው፤ ለሻወር ወለል ቢ ይመረጣል።

ሰሌዳዎቹ እያደጉ መጥተዋል፤ በአንድ በኩል 60፣ በሌላው 120 ሴንቲ ሜትር የሆኑት ዛሬ የተለመዱ ናቸው። ትልቅ ሰሌዳ መገጣጠሚያ መስመሩ ጥቂት ስለሆነ ክፍሉን ያሰፋዋል፤ ነገር ግን ረጅም ሰሌዳ በምድጃ ውስጥ ሲተኮስ መሃሉ በጥቂቱ ከፍ የማለት ጠባይ አለው። እንደ ጡብ ግማሽ በግማሽ አሻግረው ሲያነጥፉት የአንዱ ከፍተኛ መሃል ከሌላው ዝቅተኛ ጫፍ ጎን ያርፋል፤ መብራት ከጎን ሲያርፍበት እያንዳንዱ ጠርዝ ጥላ ይጥላል፣ እግርም ይሰማዋል። ለዚህ ነው ረጃጅም ሰሌዳዎችን ከሲሶ ባልበለጠ ርቀት ብቻ እንዲያሻግሩ የሚመከረው። አንጣፊው «ግማሽ በግማሽ ያምራል» ቢልም እንኳ በዚህ ጉዳይ መጽናት ይገባል።

የሰሌዳው ጥንካሬ በመሙያው ድክመት እንደሚሰረዝም መታወቅ አለበት። በሰሌዳዎች መካከል የሚገባው የሲሚንቶ መሙያ ቀዳዳ ስላለው ዘይትና ቆሻሻ ይመጥጣል፤ ነጭ መሙያ የመረጠ ምግብ ቤት በጥቂት ወራት ውስጥ ግራጫና ቡናማ የተዘበራረቀ መስመር ያያል። ኤፖክሲ ከተባለው፣ ተቀላቅሎ ከሚጠነክር ሰው ሠራሽ ሙጫ የሚሠራው መሙያ ዋጋውም ሥራውም ከባድ ነው፣ ቶሎ ስለሚደርቅም የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ዘይትና አሲድ አይበላውም። ለማብሰያ ክፍል ከኤፖክሲ መሙያ ሌላ ባልመክር ደስ ይለኛል፤ ለቤት ግን መካከለኛ ግራጫ የሲሚንቶ መሙያ በቂ ነው።

እብነ በረድ፣ ግራናይትና ቴራዞ

የእብነ በረድ ውበት የሚካድ አይደለም፤ ብርሃን ወደ ውስጡ ጥቂት ገብቶ ስለሚመለስ ማንኛውም የታተመ ሰሌዳ የማይሰጠው ጥልቀት አለው። ችግሩ በተፈጥሮው ነው። በዋናነት ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ የሎሚ ጭማቂ፣ ኮምጣጤ ወይም ወይን ጠብ ሲልበት አሲዱ ከድንጋዩ ጋር ተዋህዶ አንጸባራቂውን ገጽ ይበላዋል፤ ፈሳሹ ቢጠረግም ክብ የደበዘዘ ምልክት ይቀራል። እዚህ ላይ ሻጮች የማያብራሩት አንድ ነገር አለ፦ የድንጋይ መከላከያ ቅብ ቀለም ያለው ፈሳሽ ሰርጎ እንዳይገባ ያዘገያል እንጂ አሲድ ገጹን እንዳይበላ አያግደውም። ስለዚህ እብነ በረድ ለመኝታ ክፍል፣ ጫማ ለማይገባበት ሳሎንና ለእንግዳ መቀበያ ይስማማል፤ ለምግብ ጠረጴዛ ሥር፣ ለመጠጥ ባንኮኒና ለቤት ማዕድ ቤት ግን አልመክረውም። ዓይን የሚይዘውን መስታወት መሰል ማንጸባረቅ ትተው የደበዘዘውን አጨራረስ የሚመርጡ ሰዎች ብዙ ጭንቀት ይቀርላቸዋል፤ አዲስ ምልክት በደበዘዘው ገጽ ውስጥ ይጠፋልና፣ ሲረጥብም ያን ያህል አያንሸራትትም።

ግራናይት በዚህ ረገድ ተቃራኒው ነው። ዋና ዋና ማዕድናቱ ኳርትዝና ፌልድስፓር ስለሆኑ የቤት ውስጥ አሲድ አይጎዳውም፣ አሸዋም እንደ እብነ በረድ አይጭረውም። ለደረጃ፣ ለመግቢያና ብዙ ሰው ለሚያልፍበት ኮሪደር ከእሱ የሚሻል ድንጋይ ማግኘት ከባድ ነው፤ ደረጃ ላይ ግን ተለስልሶ ያበራው ሳይሆን በእሳት ወይም በመዶሻ ገጹ የሻከረው ይመረጥ።

ቴራዞ የእብነ በረድ ወይም የሌላ ድንጋይ ስባሪ ከሲሚንቶ ወይም ከኤፖክሲ ጋር ተቀላቅሎ ከፈሰሰ በኋላ ተፍቆ የሚለሰልስ ወለል ነው፤ የቬኒስ ባለሙያዎች ከድንጋይ ሥራ የተረፈውን ስባሪ ከመጣል ይልቅ ለወለል በማዋል ያሳደጉት ጥበብ ነው። በእኔ እምነት ከሁሉም የወለል ዓይነቶች ተገቢውን ክብር ያላገኘው ይህ ነው። ዕድሜው በአሥርተ ዓመታት ይቆጠራል፤ ሲደበዝዝ እንደገና ይፈቅና እንደ አዲስ ይሆናል፤ መገጣጠሚያ መስመር ስለሌለውም ቆሻሻ የሚሸሸግበት ቦታ የለውም። ሆኖም ሁለት ዓይነት መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። በሲሚንቶ የሚሠራው ባህላዊ ዓይነት ከሥር ካለው ልስን ጋር ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ስለሚኖረው በአንድ ካሬ ሜትር ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል፤ አሮጌ ፎቅ ላይ ከማፍሰስ በፊት መሐንዲስ መጠየቅ ግዴታ ነው። በኤፖክሲ የሚሠራው አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ ላይሞላ ስለሚችል ቀላል ነው፣ ፈሳሽም አይመጥም፤ ነገር ግን ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት መስኮት ሥር እየቆየ ቢጫ ይሆናል። ሁለቱም በናስ ወይም በዚንክ ቀጫጭን መለያያ ዘንጎች ካልተከፋፈሉ መሰንጠቅ ይከተላል። አሠሪው ዘንጎቹን እንደ ጌጥ ብቻ ቆጥሮ «ይቅሩ» ቢል ባለሙያው ሊቃወም ይገባል።

እንጨት፣ ላሚኔት፣ ቪኒልና ሊኖሊየም

እንጨት ሕይወት ካቆመ በኋላም ከአየሩ እርጥበት ጋር መሳቡንና መመለሱን አይተውም። በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ በወርዱ ግን ሲረጥብ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል። ለዚህም ነው ከግድግዳ ጋር ጥብቅ ተደርጎ መነጠፍ የማይገባው፤ ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ክፍተት ተትቶ በዞኮሎ ይሸፈናል። ሳንቃው ከሥሩ እርጥበት ሲያገኝ የታችኛው ፊት ከላይኛው የበለጠ ስለሚሰፋ ጠርዞቹ ተነሥተው መሃሉ ይጎደጉዳል። ባለቤቱ ይህን አይቶ ወዲያው ቢያስፍቅ ስሕተት ይሠራል፤ እርጥበቱ ሲወጣ ሳንቃው ወደ ቀድሞው ሲመለስ፣ የተፋቁት ጠርዞች ዝቅ ብለው መሃሉ ጉብ ብሎ ይቀራል። አስቀድሞ የውሃውን ምንጭ ማግኘት፣ ቀጥሎም እስኪደርቅ መጠበቅ ነው የሚሻለው።

ድፍን እንጨት በተለምዶ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን በዕድሜው ብዙ ጊዜ ሊፋቅ ይችላል። ከላይ እውነተኛ እንጨት፣ ከሥር ግን እርስ በርሳቸው ተሻግረው የተጣበቁ ንብርብሮች ያሉት ዓይነት የሳንቃውን መሳሳብ ስለሚቀንስ ለሰፋፊ ሳንቃና ከሥር ማሞቂያ ላለው ወለል ይመረጣል፤ ስንት ጊዜ እንደሚፋቅ የሚወስነው ግን ከላይ ያለው እንጨት ውፍረት ነው። 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ አንድ ጊዜ መፋቁም አጠራጣሪ ነው፤ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ድፍኑን ይወዳደራል። ስለ ቅቡም አንድ ነገር ልጨምር። ቫርኒሽ የተቀባ ወለል ፈሳሽን በደንብ ይከላከላል፤ ነገር ግን አንድ ቦታ ሲጫር ያንን ብቻ ማስተካከል ስለማይቻል ወለሉ በሙሉ ይፋቃል። ዘይት የተቀባው ፈጥኖ ይቆሽሻል፤ በአንጻሩ የተጎዳውን ቦታ ብቻ በእጅ አሽቶ እንደገና ዘይት መቀባት ይቻላል። ለምግብ አዳራሽና ለሱቅ፣ ሥራ ሳይቋረጥ መጠገን ስለሚቻል፣ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ላሚኔት በ1977 በስዊድን የተፈለሰፈ ሲሆን፣ ከላይ ግልጽ መከላከያ ሽፋን፣ ከሥሩ የእንጨት ምስል የታተመበት ወረቀት፣ ከዚያም የታመቀ የእንጨት ቃጫ ሰሌዳ አለው። ጭረትን በመቋቋም ረገድ ከእውነተኛ እንጨት ይበልጣል፤ ጥራቱም ከኤሲ 1 ጀምሮ በሚወጡ ደረጃዎች ይገለጻል፣ ኤሲ 3 ለቤት፣ ኤሲ 4ና 5 ለንግድ ቦታ ይሆናሉ። ድክመቱ አንድ ነው፣ እሱም ውሃ፦ በመገጣጠሚያው የገባ ውሃ የውስጡን ሰሌዳ ካሳበጠው በኋላ ቢደርቅም አይመለስም፣ አይፋቅምም። ስለዚህ ለመኝታ ክፍል ጥሩ ነው፤ ለምግብ ቤት ግን ፈጽሞ አይታሰብ።

ቪኒል ፒቪሲ የተባለ ፕላስቲክ ውጤት ነው። ውሃ አይፈራም፣ እግር ሥር ሞቅና ለስለስ ይላል፣ የኮቴ ድምፅም ይቀንሳል። ሻጩ የሚናገረው የጠቅላላውን ውፍረት ሲሆን፣ መጠየቅ ያለበት ግን ከላይ ያለው ግልጽ የመከላከያ ንብርብር ነው፤ ለቤት 0.3 ሚሊ ሜትር ሲበቃ ለሱቅ 0.55 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ጠቅላላ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ሆኖ መከላከያው 0.2 ብቻ የሆነ ቪኒል ውፍረቱ ከመፋቅ አያድነውም። ከባድ መደርደሪያ ባለበት ሱቅ እርስ በርሱ ከሚቆለፈው ይልቅ መሬት ላይ የሚጣበቀው ይሻላል፤ የተቆለፈው በመደርደሪያ ክብደት ተይዞ ሙቀት ሲመጣ መስፋት ስለማይችል ቁልፎቹ ይለያያሉ። ሊኖሊየምን ብዙ ሰው ከቪኒል ጋር ያምታታዋል፤ እሱ ግን ፍሬደሪክ ዋልተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1863 የባለቤትነት መብት ያገኘበት፣ ከተልባ ዘይት፣ ከቡሽና ከእንጨት ዱቄት በጨርቅ ላይ የሚሠራ የተፈጥሮ ውጤት ነው። ቀለሙ እስከ ሥር ስለሚዘልቅ ጭረቱ አይጎላም፤ ነገር ግን ጠንካራ አልካሊ ያለው ማጽጃ ያበላሸዋል።

የሚፈስሱ ወለሎች

ኮንክሪቱን ራሱን ፍቆና አጠንክሮ ማለስለስ ለሱቅና ለመጠጥ ቤት በጣም የሚያምር መፍትሔ ነው፤ ጥቃቅን ስንጥቅ እንደሚኖረው ግን ባለቤቱ ከመጀመሪያው መቀበል አለበት። ኤፖክሲ መገጣጠሚያ የሌለው ገጽ ይሰጣል። ለማብሰያ ክፍል ግን ተራ ኤፖክሲ አይበቃም፤ የፈላ ውሃ ወይም የጋለ ዘይት ድንገት ሲፈስበት ከሥሩ ኮንክሪት ጋር እኩል ስለማይሰፋ ይነሣል። በዚያ ቦታ የሚያዛልቀው ከሲሚንቶ ጋር የተቀላቀለ ፖሊዩረቴን የተባለ ሰው ሠራሽ ሙጫ ሲሆን፣ ለድንገተኛ የሙቀት ለውጥ የተዘጋጀ ነው።

ለየቦታው

ለመኖሪያ ቤት ወሳኙ ነገር የእግር ብዛት ሳይሆን ሰው በባዶ እግሩ የሚሄድበት፣ ልጅ የሚድህበት፣ አዛውንት የሚራመዱበት መሆኑ ነው። በሳሎንና በመኝታ ክፍል እንጨት ወይም ጥሩ ላሚኔት፣ በማዕድ ቤትና በመታጠቢያ ደብዛዛ ፖርሴሊን ብመርጥ ለብዙ ቤተሰብ የሚስማማ ይመስለኛል። ሁለቱ ቁሶች በሚገናኙበት በር ሥር ከፍታቸው እኩል እንዲሆን ከመጀመሪያው ማስላት ግን ግድ ነው፤ የ8 ሚሊ ሜትር ልዩነት በሥዕል ላይ ምንም አይመስልም፣ እግር ግን በየቀኑ ይመታዋል።

ምግብ ቤት አንድ ሳይሆን ቢያንስ ሦስት ወለል አለው። ማብሰያው ውስጥ ደረጃው አር 11 ወይም 12 የሆነ ያልተለሰለሰ ፖርሴሊን ወይም የፖሊዩረቴን ሲሚንቶ ይነጠፋል፤ ወለሉ ወደ ፍሳሽ ማስወገጃው ከ1 እስከ 2 በመቶ ያዘንብላል፤ ወለሉ ከግድግዳ የሚገናኝበትም ቀጥ ያለ ማዕዘን ሳይሆን ክብ ተደርጎ ይያያዛል፣ ቆሻሻ የሚከማችበት ጥግ እንዳይኖር። በማብሰያውና በአዳራሹ መካከል ያለው መተላለፊያ በብዛት የሚረሳው ነው፤ አስተናጋጁ ጫማው ሥር ቅባት ይዞ ከሻካራው ወለል ድንገት ለስላሳው ላይ ሲረግጥ የሚወድቀው እዚያ ነው። ስለዚህ ሻካራው ንጣፍ ከበሩ አልፎ ጥቂት እርምጃ ወደ አዳራሹ ቢገባ፣ ቀጥሎም መካከለኛ ደረጃ ያለው ቢከተል ይሻላል።

አዳራሹን በተመለከተ ስለ መልክ ብዙ ይወራል፣ ስለ ድምፅ ግን ጥቂት። ሴራሚክ፣ ድንጋይና ኮንክሪት የሚደርስባቸውን ድምፅ ከሞላ ጎደል ሁሉንም መልሰው ይወረውራሉ። ጠንካራ ወለል፣ መስታወት ግድግዳና ባዶ ጣሪያ በአንድ ላይ ሲሆኑ እያንዳንዱ ማዕድ ጎረቤቱን ለመብለጥ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ሁሉም ከፍ ሲያደርግ ማንም አይሰማም። ደንበኛ ምግቡን ወድዶ ሳይመለስ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በአዳራሹ ምንጣፍ ማንጠፍ ለጽዳት ስለሚያስቸግር፣ ጠንካራውን ወለል የመረጠ ባለቤት ከዚያው በጀት ላይ ለጣሪያው ድምፅ መጣጭ ሰሌዳ መቀነስ ይኖርበታል። የወንበር እግርም ለስላሳ ጫማ ይደረግለት።

በሱቅ ውስጥ ወለሉ ከዕቃው ጋር መፎካከር የለበትም። አንጸባራቂ ወለል የጣሪያውን መብራት ነጥብ በነጥብ መልሶ ወደ ገዢው ዓይን ይልካል፤ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ቃና ያለው እንጨት ደግሞ ቀለሙን በመስታወት ፊት በተያዘው ነጭ ልብስ ላይ ይጥላል። ገለልተኛ ግራጫ ወይም ፈዛዛ እንጨት መሰል ደብዛዛ ወለል ለልብስ፣ ለጫማና ለመጽሐፍ ሁሉ ይስማማል። በመግቢያው ላይ ደግሞ ደንበኛው ከአራት እስከ ስድስት እርምጃ የሚሄድበት ቆሻሻ መያዣ ምንጣፍ ከወለሉ ጋር እኩል ተቀብሮ ቢዘጋጅ፣ የቀረውን ወለል ዕድሜ ከየትኛውም ቅብ በላይ ያራዝመዋል።

ከሥር ያለው

ብዙ ባለቤቶች ለላይኛው ገጽ አብዝተው ይከፍላሉ፣ ከሥር ላለው ደግሞ ይሰስታሉ፤ የሚበላሹት ወለሎች የሚበዙትም በዚህ የተነሣ ነው። 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ዘንግ በልስኑ ላይ ሲጋደም ከሥሩ ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ ክፍተት ከታየ፣ ቪኒልም ሆነ ትልቅ ሰሌዳ ከመነጠፉ በፊት መስተካከል አለበት። አዲስ የፈሰሰ የሲሚንቶ ልስን እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረቱ ድረስ በግምት ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር አንድ ቀን ይደርቃል፤ አምስት ሴንቲ ሜትር የሆነ ልስን ሁለት ወር ገደማ ይጠብቃል ማለት ነው። ለመጀመሪያ ምልከታ 46 በ46 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግልጽ ላስቲክ ዙሪያውን በማጣበቂያ ተዘግቶ ቢያንስ ለ16 ሰዓት መሬቱ ላይ ይተው፤ ሲነሣ ጤዛ ከተገኘበት ወይም መሬቱ ከጠቆረ እንጨትም ቪኒልም አይነጠፍበትም። ደርቆ ቢታይም እንኳ ለእንጨት በመሣሪያ ማስለካት ያስፈልጋል።

ሴራሚክ ሲነጠፍ ማጣበቂያው በአምስት ቦታ ጉብ ጉብ ተደርጎ ከተጣለ በመካከሉ ባዶ ይቀራል፤ በሳንቲም ሲቆረቆር ባዶ ድምፅ የሚሰጠው፣ ከባድ ዕቃ ሲወድቅበትም የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ሥራው በመካሄድ ላይ ሳለ አንዱን ሰሌዳ አስነሥቶ ጀርባውን ማየት የአሠሪው መብት ነው፤ በደረቅ ክፍል ከጀርባው 80 በመቶ፣ በእርጥብ ቦታ 95 በመቶ ማጣበቂያ ሊነካው ይገባል።

ሲገዛም ከሚለካው ስፋት 10 በመቶ፣ በሰያፍ ወይም በዓሣ አጥንት ቅርጽ ለሚነጠፍ 15 በመቶ ተጨምሮ ይገዛ፤ የካርቶኖቹ የምርት ቁጥርና የቀለም ምልክት አንድ መሆኑም ከመኪና ከመውረዱ በፊት ይታይ። ከመክፈል በፊት ደግሞ ሁለት ናሙና ቤት ወስዶ አንዱን በር ላይ ለአንድ ሳምንት እንዲረገጥ መተው፣ በሌላው ላይ ዘይት፣ ሎሚና ቡና ጠብ አድርጎ አሳድሮ በሚጸዳበት ሳሙና ማጠብ ይገባል። የተረፈው ሰሌዳ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ሳይቀደድ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ ከዓመታት በኋላ አንድ ሰሌዳ ቢሰበር ያው ቀለም በገበያ ላይ ላይገኝ ይችላል።